የአባባ በትርና የጓዳው ቅቤ

«መምህር ገዛኸኝ የሟች አባቱን የአበጋርነት በትር ተረክቧል። አባቱ ደም ሊያስታርቅ ከመውጣቱ በፊት ጓዳ ዘግቶ በትሩን የፍየል ደም ይቀባው ነበር። ልጁም ይኸንኑ ጣዖት ይዟል። ቤተ ክርስቲያን ትከልክለው።»

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለስዩም፤ ናዝሬት። ከላይ ያለውን ቃል በቃል ነው የገለበጥኩልህ። ቢሆንም የእግዜር ሰላምታ አይነፈግምና፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ሶስናስ? ልጃችሁ ሰላማዊትስ? እኛ ከባለቤቴ ከበላይነሽ ጉንፋን በቀር በአካል ደህና ነን። በስማችን ግን ደህና አይደለንም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ይህን በታይፕ የተጻፈ ወረቀት በሕዝብ ፊት አነበበው። ስምም ፊርማም የለውም። ፖስታው ላይ ግን የናዝሬት ማህተም አለ። አንዱ ከኋላ «ጾሙ ይፈታ እንጂ መምህር ፍየሏን አይነፍገንም!» ብሎ ሰዉን አሳቀብኝ። ያስተማርኳቸው ልጆች ሳይቀሩ ሳቁ። የንስሐ አባቴ ግን አልሳቁም፤ «ልጄ፣ ነገሩ እስኪጣራ ከቁርባን ቆይ» አሉኝ።

የአበጋርነቱን፣ የአስታራቂነቱን በትር ለምኜ አልያዝኩትም። አባባ ካረፉ በኋላ ሼህ ኡበይደላ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር በእግራቸው መርሳ ድረስ መጥተው «የአባትህ በትር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰው እያለቀ ነው» ብለው አስያዙኝ። አሁን ደግሞ ሲሪንቃ አጠገብ በመስኖ ውሃ ተጣልተው የወርቁ ልጅ የዘሀራን ልጅ ገድሎ ታስሯል። የሟች ወንድሞች የወርቁን ሌላውን ልጅ መንገድ ላይ እየጠበቁት ነው። ዘሀራ «ያ በትር መሐል ካልተጋደመ ልጆቼን አልይዝም» ብላለች። እርቁ ለሐሙስ ጥር 22 ተቆርጧል። ሼሁ ዱዓ ያደርጋሉ፣ እኔ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፣ ሁለቱ ቤቶች በትሩን ተሻግረው ይጨባበጣሉ። ሙክቱም ሁለት ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የየራሱን ያርዳል። ጣዖቱ የቱ ጋ ነው?

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። አባባ በትሩን ጓዳ ዘግተው እንደሚቀቡ ጸሐፊው ከየት አወቀ? እናታችን እንኳ ውጪ ነበረች። ጓዳ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን፦ አባባ፣ እኔና አንተ። ሳህኑን የያዝከው አንተ ነህ። ሳህኑ ውስጥ የነበረው እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ የሚቀባ ለጋ ቅቤ ነው። ያን ቀን ቢላዋ አውራ ጣታቸውን ቆርጧቸው ደማቸው ቅቤው ላይ ጠብ ማለቱን አልረሳሁም። የሰባት ዓመት ልጅ ስለነበርክ ደንግጠህ አልቅሰሃል። ያየኸው እሱን ከሆነ የአባትህ ደም ነው እንጂ የፍየል አይደለም።

ደግሞም በአርባቸው ዕለት «በትሩን ለማን አሉ?» ብለህ ሦስት ጊዜ ጠይቀኸኛል። ያኔ እንደ ዋዛ አለፍኩት። አሁን አላልፈውም።

ሶስናን ሳምልኝ። ሰላማዊትን አጎትሽ በርቺ ብሎሻል በላት። በላይነሽና እህታችን አለሚቱ ሰላም ብለውሃል፤ አለሚቱ አንተን መጠርጠሬን ስላላወቀች እየሳቀች ነው ሰላምታውን የላከችው።

ስዩም፣ የአባባን ሕግ ታውቃለህ፦ በወንድሙ ላይ ቂም የያዘ እጅ በትሩን አያነሳም። ስለዚህ ያ ወረቀት እኔን ከቁርባን ብቻ አላገደኝም። ጥር 22 ከቤቴ እንዳልወጣ አስሮኛል፤ እኔ ካልወጣሁ የወርቁን ሌላውን ልጅ ምን እንደሚጠብቀው አንተም ታውቃለህ። ሳህኑ ውስጥ ያየኸውን በራስህ እጅ ጽፈህ፣ ፈርመህ፣ አንዱን ለሰበካ ጉባኤው፣ አንዱን ለእኔ ላክ። ወረቀቱን የጻፍከው አንተ ከሆንክም አንተ መሆንህን ጻፍ፤ ያመነን ሰው ይቅር ማለት አያቅተኝም። በስልክ እንዳታናግረኝ። መልስህ እስከ ጥር 15 በጽሑፍ እጄ ይግባ።

ወንድምህ ገዛኸኝ
መርሳ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 1995 ዓ.ም.