እትዬ መቀስ የሳቡልኝ ወንበር

ለማትረሳኝ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ አደጉልሽ? የባለቤትሽ ወገብ ተሻለው? እናትሽስ ጥርሳቸውን አስተከሉ ወይስ ዛሬም ነገ እያሉ ነው? እኔን እንዳየሽኝ ነኝ፤ የመርፌው ቀዳዳ እየተደበቀኝ መነጽር አስገዛኝ እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ይህን ደብዳቤ በእህትሽ እጅ የላክሁት ያለ ነገር አይደለም። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

ባለፈው ቅዳሜ ከልብስ ስፌት ቤታችን ሦስት ሆነን ወጣን፤ እኔ፣ ጨርቅ ቆራጯ፣ እትዬ መቀስ የምንላቸው፣ እና ተኳሹ። ደግሞ ጠመንጃ እንዳይመስልሽ፤ ልብስ ነው የሚተኩሰው። እትዬ መቀስ ሃምሳ ሞልቷቸው፣ "በሃምሳ ዓመቴ እንኳ አዲስ ነገር ልቅመስ" ብለው የሊባኖስ ምግብ ቤት መረጡ። ልቤ ይቅርብኝ አለ፤ አፌ ግን "እሰይ" አለ።

ቤቱ ያለው አሮጌው ሰፈር ውስጥ ነው። መንገዱ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ፤ ከላይ የእንጨት ሰገነቶች ተፋጠው ልብስ ተሰጥቶባቸዋል። አንጋጥጬ ሳላስበው አንቺን ፈለግሁ። ሊባኖስ ሳለን፣ ከሰገነት ሰገነት እየተያየን፣ አንቺ ምንጣፍ እያራገፍሽ፣ እኔ መስኮት እየወለወልኩ፣ ማዳሞቻችን ሳይሰሙ የተሳሳቅነው ሁሉ መጣብኝ።

ገብተን ተቀመጥን። ተኳሹ ለካ ከኢንተርኔት አጥንቶ ኖሮ አስተማሪ ሆነብን። "ቂጣውን እንዲህ ትቆርሺና ሁሙሱን፣ ይህን የሽምብራ ልቁጥ፣ እንዲህ ትጠርጊበታለሽ" ይለኛል፤ እኔም እንደማያውቅ ሰው "ጉድ እኮ ነው!" እላለሁ። ስድስቱን ዓመት ውጭ አገር ስፌት ስማር ነበር ብያቸው የለ?

ከዚያ ያ አረንጓዴ ሰላጣ፣ ታቡሌው መጣ። አንድ ማንኪያ እንደቀመስኩ አፌ ቀደመኝ። "ስንዴው በዝቷል፤ ሎሚውም ቀድሞ ገብቶ ቅጠሉን አጠውልጎታል" አልኩ። የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት አዛውንት፣ ለካ ከኋላዬ ቆመዋል። ሳቁና በአረብኛ "ከየት አወቅሽው ልጄ?" አሉኝ። እኔም በዚያው በአረብኛ፣ ስድስት ዓመት በየቀኑ ስከትፈው ነው የኖርኩት ብዬ ቁጭ።

ተኳሹ የያዘውን ቂጣ አስቀመጠ። ከዚያም፣ "የስፌት ትምህርቱ በአረብኛ ነበር እንዴ?" አለ። ሊያስቀን ብሎ ነበር፤ ማንም አልሳቀም።

መዋሸት ደከመኝና ተናገርኩ። ሰው ቤት እንደነበርኩ፣ የምተኛው ወጥ ቤቱ ጥግ እንደነበር፣ ያሳደግሁት ሕፃን "ማማ" ብሎ ሲጠራኝ የተሰማ ዕለት ማግሥት እንዳሰናበቱኝ። ስለ አንቺ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ባለቤትሽ የተዋወቅነው ሰርግ ቤት እንደሚመስለው አውቃለሁ።

እጄ አላርፍ ብሎ ተነስቼ ሳህን መደራረብ ጀመርኩ። ያኔ እትዬ መቀስ፣ "ለዚህ ነዋ!" አሉ።

ምኑ ብላቸው፣ "ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ ምሳሽን ተቀምጠሽ ስትበዪ አይቼ አላውቅም። ግድግዳ ተደግፈሽ፣ ሳህንሽን በእጅሽ ይዘሽ፣ አሁን ሰው የሚጠራሽ ይመስል ቶሎ ቶሎ። እኔ ችኩል ናት እል ነበር" አሉኝ።

አምላክ ምስክሬ ነው፣ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር።

ወንበሬን ሳቡልኝ፤ ሳህኑንም ከእጄ ተቀበሉ። "በይ ብዪ፤ ማንም አይጠራሽም" አሉ። ኪቤው፣ ያ የሥጋና የስንዴ ጥብስ፣ በትኩሱ መጣ። ስድስት ዓመት ለሰው ስጠብሰው የኖርኩትን ተቀምጬ በላሁት። ያለቀስኩ መሰለሽ? ራበኝ እንጂ! ሦስት በላሁ።

ሰኞ ሥራ የገባሁት ፈራ ተባ እያልኩ ነበር። ማንም ፊቱን አልቀየረብኝም። ተኳሹ ብቻ፣ "ቀጣዩን ታቡሌ የምትሠሪው አንቺ ነሽ፤ እኔ እበላለሁ፣ አስተያየት አልሰጥም" ብሎ ካውያውን ማጋል ቀጠለ።

እህትሽ እንደነገረችኝ ልጆችሽ ያንቺን ሰላጣ ሲወዱት ለጉድ ነው። ጎረቤቴ ናት ያስተማረችኝ ብለሻቸዋል አሉ። አልዋሸሽም፤ ጎረቤታሞች ነበርን። ሳትነግሪያቸው ስላስቀረሽውም አልፈርድብሽም፤ እኔም ቅዳሜ ዕለት አምልጦኝ ነው። ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ቤተሰቡ ሁሉ ገበታ ሲቀርብ አንቺ የምትበዪው የት ነው?

ቤትሽ ሙሉ ይሁን፤ ልጆችሽ ለወግ ለማዕረግ ይብቁልሽ፤ እግርሽም ዕረፍት ያግኝ።

ጎረቤትሽ