ያልገጠመው የአልጋ ልብስ

ጅቡቲ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፳፬ ዓ.ም.

ውድ ባፈና፣

ከእኔ ከውዴ እንደ መጣ ስታውቂ ደብዳቤውን ሳታነቢ ወዲያ ለመወርወር እንደሚዳዳሽ አውቃለሁ። እባክሽ እስከ መጨረሻው ታገሺኝ። ታምሩ «ተዪው፣ እኔ አሳምሬ እጽፍልሻለሁ» ብሎኝ ነበር፤ የጣቢያ ጸሐፊ ስለሆነ ፊደሉ እንደ ማተሚያ ነው። እንቢ አልኩት። አራት ዓመት ተኳርፈን ኖረን ይቅርታውን በባል እጅ መላክ አሳፈረኝ። ፊደሌ ከተንጋደደ ሳቂብኝ፤ ብትስቂ ደስ ይለኛል።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ካርቲዬ ሁለት ሠፈር ያለችው ቤታችን ባለ ሁለት ክፍል ሆናለች። ሙቀቱ ረገብ ብሎ የባሕሩ ነፋስ ስለ ጀመረ፣ ከሰዓት በኋላ ደጅ ተቀምጬ ኪሮሼን ይዤ እውላለሁ። ታምሩ ወፍሯል። እኔም ወፍሬያለሁ፣ ግን ይህን ለባልሽ ለተክለወልድ እንዳትነግሪው፤ መሳቂያ ያደርገኛል።

ክር የገዛንበትን ያን የመጀመሪያ ቀን ታስታውሺዋለሽ? አንቺ ያኔ ራስ ዲካ ሠፈር፣ ፈረንሳዊቷ እመቤት ቤት ተቀጥረሽ እዚያው ታድሪ ነበር። እመቤቲቱ ኪሮሽ ሲሠሩ በዓይንሽ አይተሽ የተማርሽውን ለእኔ አስተማርሽኝ። ለሠርግሽ የአልጋ ልብስ ልንሠራ ተነሣንና ምኒልክ አደባባይ ወደ ዓብዱልመጂድ ሱቅ ሄድን። ወፍራም ክር ፈልገን ከሁሉ ትልቅ ቁጥር ያለውን መረጥን። ቤት ወስደን ስንፈታው የሸረሪት ድር! ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ክሩ እንደሚቀጥን ማን ነግሮን? ልንመልስ ስንሄድ ዓብዱልመጂድ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «በዚህ ብትሠሩማ ለሙሽራዪቱ የልጅ ልጅ ነው የሚደርሰው» አለን። ቀጥሎ ሱፍ ሲያወጣልን አንቺ ደግሞ፣ «በጅቡቲ ሙቀት ሱፍ ለብሶ የሚተኛ ሰው አሳየኝና እገዛለሁ» አልሽው። መካከለኛ ነጭ የጥጥ ክርና ሁለት አንድ ዓይነት ኪሮሽ ይዘን ወጣን።

ስምምነታችን ቀላል ነበር። ቀኙን ግማሽ አንቺ፣ ግራውን እኔ። ሁለት መቶ ቀለበት ያለው ሰንሰለት፣ እኩል ረድፍ፣ ከዚያ መሀሉን መስፋት።

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ሁለቱን አልጋ ላይ ዘረጋናቸው። የእኔ በቁመት አንድ ስንዝር አጠረ። የሠፈሩ ሴቶች ዙሪያችንን ቆመዋል፣ ሙቀቱ ያፍናል። አንቺ ክፉ አልተናገርሽም። ቅርጫቴ ውስጥ የተረፉትን ሦስት ጥቅል ክሮች አይተሽ «ውዴ፣ ይሄ ከምን ተረፈ?» ነው ያልሽው። እኔ ግን በሰው ፊት ሌባ ያልሽኝ መሰለኝ። ደሜ ፈላ። «መቁጠር ጠፍቶሽ ስታበቂ በእኔ ላይ አታላክኪ!» አልኩሽ። በዚያ ብበቃ ጥሩ ነበር። «የፈረንጅ ገረድ» አልኩሽ፣ ባፈና። ያስተማርሽኝን ሰው፣ በሠርግሽ ሳምንት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

አንቺ ግማሽሽን አጣጥፈሽ ወጣሽ። ሠርግሽ ላይ አልተገኘሁም። ወደ ድሬዳዋ በሄድሽበት ጧት ግን ጣቢያው ድረስ መጥቼ ነበር። ከዕቃ መጋዘኑ ጀርባ ቆሜ ስትሳፈሪ አየሁሽ፤ ባቡሩ ሲነሣ አልቅሼ ተመለስኩ። ይህን ለታምሩ እንኳን አልነገርኩትም።

አሁን ለምን እንደ ጻፍኩልሽ ልንገርሽ። ባለፈው ወር የመናዊቷ ጎረቤቴ ኻሊዳ ኪሮሽ አስተምሪኝ አለችኝ። ለእሷም ለእኔም አንድ ዓይነት ኪሮሽ ይዤ፣ ከአንድ ጥቅል ክር ሃያ ሰንሰለት፣ ሃያ ረድፍ እንሥራ አልኳት። ስንጨርስ የእሷ መዳፍ ሞላ፣ የእኔ ከመዳፍ አነሰ። «ቆጥረሽ ሥሪ አላልኩሽም?» ብዬ ተቆጣኋት። እሷ ጣቷን እያስነካች ጮክ ብላ ቆጠረች። ልክ ነው። የእኔንም ቆጠረች። እሱም ልክ ነው። ከዚያ እጄን ይዛ ሳቀች።

«ያ ውዴ፣ ወላሂ ክሩን አንቀሽ ልትገድይው ነው! ምን በደለሽ?»

እኔ አልሳቅኩም። ጣቴን ሳየው ክሩ ያለፈበት ቀልቷል። ለካ እጄ ጥብቅ ነው፤ ላቡም ክሩን ይይዘዋል። አንድ ቁጥር ወፈር ያለ ኪሮሽ ወስጄ እንደገና ስሠራው ከኻሊዳ ጋር እኩል መጣ። ኪሮሽ የሚመረጠው በክሩ ብቻ ሳይሆን በሠሪዋም እጅ መሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው። እኔና አንቺም አስቀድመን መዳፍ የምታህል ብንሠራና ብናስተያይ ኖሮ በአንድ ከሰዓት እናውቀው ነበር።

ወዲያው ሣጥን ውስጥ የቀበርኩትን ግማሽ አውጥቼ ቆጠርኩት። ሁለት መቶ ሰንሰለት፣ ረድፉም ሙሉ። የእኔ ካልጎደለ የአንቺም አልተሳሳተም። ጥብቅ እጅ ክር አይበላም፤ ሦስቱ ጥቅሎች የተረፉት ለዚያ ነው። ጥያቄሽ መልስ ነበረው። ቁጭ ብዬ መፈለግ ሲገባኝ ተሳደብኩ።

በዚያው ሰሞን ባቡር ላይ የሚሠራው ጸሐዬ እናንተ ቤት ምሳ በልቶ መጣ። ልጅሽ እንዴት እንደምታምር ካወራልኝ በኋላ፣ ስትተኛ የምትለብሰው ነጭ የኪሮሽ ሥራ እንደሆነ፣ ዙሪያው ተከፍፎ አንዱ ጎን ብቻ ሳይከፈፍ እንደ ቀረ ነገረኝ። «ለምን አትጨርሺውም ስላት ሌላ ወሬ ጀመረች» አለኝ። የትኛው ጎን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ፤ ከእኔ ግማሽ ጋር የሚሰፋው ነው።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ግማሼን ተረተርኩት። ታምሩ «አብደሻል?» እያለ ዙሪያዬን ሲዞር ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ክሩን አጥቤ፣ እንዲቃና ከታች ድንጋይ አንጠልጥዬ አደረቅኩት። አሁን በወፍራሙ ኪሮሽ ጀምሬያለሁ። የአንቺን ግማሽ ቁመቱን በክር ለክተሽ፣ ጫፉን ቋጥረሽ በጸሐዬ እጅ ላኪልኝ። ከራስሽ ሥራ ላይ አንዲት ቀለበት እንዳትነኪ። ኪሮሽ የምቀይረው እኔ ነኝ። ካልገጠመ ደግሜ እተረትረዋለሁ።

ሲያልቅ ይዤው ድሬዳዋ እመጣለሁ። የዚያን ዕለት ጎረቤቶችሽን ሁሉ ጥሪልኝ። የሰደብኩሽ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታም የምጠይቅሽ በሰው ፊት ነው። በሩን ብቻ ክፈቺልኝ።

እህትሽ ውዴ