ቅጠሉን የያዘው እጅ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ግርማቸው፤ ኢተያ።

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን ተሻለዎት ወይ? የእትዬ ፀሐይወርቅስ የዓይናቸው ነገር እንዴት ሆነ? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው? እኔና ልጄ ማራኪ እግዚአብሔር ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። ሌላው እንደሚያውቁት ነው። በስልክ ስንነጋገር እንባ እየቀደመኝ የምፈልገውን ሳልናገር ስለምንጨርስ፣ ቀስ ብዬ በጽሑፍ ልንገርዎት ብዬ ተቀመጥኩ። የእጅ ጽሑፌ ካስቸገረዎት ብሩክታዊት ታንብብልዎት።

መርዶው የመጣበትን ቀን እስከ ዛሬ ነግሬዎት አላውቅም። ጥር ነበር፣ መንገዱ ሁሉ በረዶ ሆኗል። ወደምሠራበት የአረጋውያን ቤት ለመሄድ ጫማዬን ሳስር በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ጎረቤቴ እትዬ ሰርካዲስ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ቆመዋል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እኔም «ጋሼ ነው? ጋሼ ነው አይደል?» አልኩ። ይቅር ይበሉኝ፣ እርስዎን ነበር ያሰብኩት። መርዶ ከአገር ቤት ነው የሚመጣው ብዬ ነዋ የኖርኩት። እትዬ ሰርካዲስ ግን «ጽጌ፣ ተቀመጪ፤ ጫማሽን አውልቂው፣ ዛሬ ሥራ የለም» አሉኝ። ልጄ ዳኛቸው ግሮቭፖርት ካለው መጋዘን ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ መኪናው በበረዶው ተንሸራቶ ነው። አልተሠቃየም ብለውኛል። እኔም አምኜ ተቀብያለሁ።

አሁን የምጽፍልዎት ግን ስለ ሞቱ አይደለም፤ ስለጀመረው ሥራ ነው። ባለፈው መስከረም እርስዎ ዘንድ መጥቶ ስልኩን ይዞ ማሳ ለማሳ ሲዞር የነበረው ለዚያ ነው። ገበሬ የስንዴውን ቅጠል በስልኩ ፎቶ ሲያነሳው፣ ዋግ እንደገባበትና እንዳልገባበት ስልኩ ገና ከጅምሩ እንዲነግረው ነበር ሐሳቡ። ማሽኑ ይህን እንዲያውቅ ደግሞ አስቀድሞ ብዙ የታመመ፣ ብዙም ጤነኛ ቅጠል ማየት አለበት፤ ልጅ እያየ እንደሚማረው ማለት ነው። ፎቶው ግን እንዲሁ እንደመጣ አይሰጠውም። የደበዘዘው ይወጣል፣ የተደጋገመው ይወጣል፣ የጨለመው ብርሃን ይጨመርለታል፣ ትልቁም ትንሹም በአንድ ልክ ይደረጋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒዩተሩን ዘርግቶ ሲውል፣ ምን እየሠራህ ነው ስለው «ለቀማ ላይ ነኝ እማዬ፤ እህል ሳይለቀም ይፈጫል እንዴ?» ይለኛል። እኔም «ለለቀማ ነው ኮሌጅ የገባኸው? ሰፌድ ላምጣልህ?» እለዋለሁ። ይስቃል።

ሥራውን አብራው የጀመረች፣ አብራው የምትማር ሰሎሜ የምትባል ልጅ አለች። ከአርባው በኋላ ልትጠይቀኝ መጣች። ከዚያ «እትዬ፣ ማሽኑ ተሳስቷል፤ ልነግርዎት ፈርቼ ነው የቆየሁት» አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የታመመውን ከጤነኛው አንድም ሳይስት ይለይ ስለነበር ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነበር። እሷ ግን አላመነችውም። ዳኛቸው እዚሁ ቤት የሻይ ብርጭቆ ይዞ የተነሳውን ፎቶ ብትሰጠው «ዋግ አለበት» አላት። ቅጠል በሌለበት ፎቶ! ለካ ማሽኑ ያጠናው የልጄን እጅ ኖሯል።

ጋሼ፣ ዳኛቸው ከእርስዎ ዘንድ ሲመለስ እየሳቀ ነግሮኝ ነበር። የታመመውን ማሳ «ይሄ አንዴ ሄዷል፣ እንደፈለግህ አገላብጠው» አሉት። ጤነኛው ጋ ሲደርስ ግን «ያማረ አዝመራ እንግዳ አይነካውም፤ ዓይን አለ» ብለው ስልኩን ተቀብለው ራስዎ ከዳር ሆነው አነሱለት። ስለዚህ በታመመው ቅጠል ሁሉ ላይ የእሱ እጅ አለ፣ በጤነኛው ላይ ግን የማንም እጅ የለም። ይህን ያነሳሁት ልወቅስዎት ብዬ አይደለም። አባታችንም ቢሆን እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

ሰሎሜ መፍትሔው እጁን ከየፎቶው ቆርጦ ማስቀረት ነው አለችኝ፤ «እርስዎ ካልፈቀዱ ግን አልነካውም፣ ሥራውም እዚህ ላይ ይቁም» አለች። እኔም «እጁንማ አትቆርጪብኝም» አልኳት። ማራኪ ከጎን ሆና «ማም፣ ክሮፕ ማድረግ እኮ ነው፤ ጀስት ፎቶ ነው» ስትለኝ ተቆጣኋት። ተነሥታ ክፍሏ ገባች። ኋላ ገብቼ ባያት እሷም እነዚያኑ ፎቶዎች ከፍታ እያለቀሰች ነበር። እጁ ቁልጭ ብሎ ይታያል ጋሼ። መጋዘን ውስጥ ሳጥን ወድቆበት የጠቆረው የአውራ ጣቱ ጥፍር ሳይቀር ይታያል። ያንን የታመመ ቅጠል የሕፃን ጣት እንደሚይዝ ሰው ነው የያዘው።

በዚህ ሁኔታ ቆየን። ሰሎሜም አልጎተጎተችኝም። ከፋሲካ በኋላ እርስዎ ደውለው ስለ ዝናቡ ሲያጫውቱኝ፣ ሳያስቡት «ያ የልጁ ነገር ለዘንድሮ አዝመራ ይደርስ ይሆን?» አሉና ደንግጠው ወደ ዝናቡ ወሬ ተመለሱ። አይደንግጡ። ሰው ሁሉ ስለ ሞቱ ሲጠይቀኝ እርስዎ ስለ ሥራው ጠየቁኝ። ስልኩን እንደዘጋሁ ሰሎሜን ኮል አደረግኳትና «ነይ፤ የምቆርጠው ግን እኔ ነኝ፣ አንቺ አሳዪኝ» አልኳት።

መጀመሪያ ፎቶዎቹን ሁሉ እንዳሉ ሌላ ቦታ አስቀመጠችልኝ። ዋናው አይነካም፣ የምንቆርጠው ቅጂውን ነው አለችኝ። እኔ በቅጠሉ ዙሪያ መስመር እስባለሁ፣ የቀረው ይጠፋል። በመጀመሪያው ላይ ተሳስቼ ቅጠሉን ራሱን ቆረጥኩት። ሰሎሜም «አይዞዎት፣ ይመለሳል» ብላ መለሰችው። በአንዳንዱ ላይ ጣቱ ቅጠሉን ሸፍኖታል፤ መለየት አይቻልም። ይጣል ስትለኝ «ከማሽኑ ይውጣ፣ ከእኔ ግን አይጣልም» አልኳት። ማራኪ ቆማ ስታየን ቆይታ ወንበር ሳበችና በአማርኛ «እማዬ፣ ደከመሽ፤ ላግዝሽ?» አለችኝ። ሦስታችንም እየተቀባበልን ጨረስነው።

ሰሎሜ ማሽኑን እንደ አዲስ አስተማረችው። አሁን ከበፊቱ ይልቅ ይሳሳታል። እሷ ግን ደስ ብሏታል፤ «አሁን ገና ቅጠሉን ማየት ጀመረ» ትላለች። የቀረው በእርስዎ በኩል ነው። ዘንድሮ ስንዴው ሲደርስ ጤነኛውን ቅጠል በእጃችሁ ይዛችሁ አንሡልን፤ እርስዎም፣ እትዬም፣ ብሩክታዊትም ያዙት። የታመመውን ደግሞ ያለ እጅም አንሡት። ዓይን ይነካዋል ካሉ ጸበል ይርጩበት፤ ግን ፎቶው ከተነሳ በኋላ ይሁን፣ ውኃው ያብለጨልጫልና።

እትዬ ፀሐይወርቅን እጅ ነሥቻለሁ በሉልኝ፤ የዓይን ጠብታውን የሰፈራችን ልጅ ሲሞን ወደዚያ ሲመጣ ይዞላቸው ይመጣል። ብሩክታዊትን ሳሙልኝ፤ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ። ታናናሾቿንም ሳሙልኝ። ማራኪም ሁላችሁንም ትስማለች። በልቅሶው ድንኳን ጥለው፣ ተዝካሩን አውጥተው ላስተዛዘኑን ጎረቤቶች ሁሉ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈል በሉልኝ።

የዳኛቸው የክርስትና ስሙ ፍሥሐ ጽዮን ነው። ለቄሱ ይንገሩልኝ፣ በቅዳሴ እንዳይዘነጉት። ይህን ደብዳቤ የምታነቡትም፣ ሲነበብ የምትሰሙትም ሁሉ፣ ባታውቁትም እንኳ ልጄን ፍሥሐ ጽዮንን በጸሎታችሁ አስቡልኝ። ነፍስ ይማር በሉልኝ።

እህትዎ ጽጌረዳ
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.