ሰው ባየ ቁጥር የሚቆም ፈረስ

ማክ. ጥቅምት 6፣ ከጧቱ 12፡40

ዛሬም ውሃውን አልነካም። ባልዲው ትናንት እንደሞላሁት ቁጭ ብሏል። ሣሩን ግን ሙልጭ አድርጎ በልቷል። ሁለተኛ ቀኑ። ፈረስ ውሃ ሳይጠጣ ስንት ቀን ይቆያል? ማንን ልጠይቅ? መ/ቤት 2፡30 መግባት አለብኝ፤ ፀጉሬ አልተበጠረም፣ ቀሚሴ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል።

ደብተሬ፣ ላንቺም አልነገርኩሽም ለካ። እሑድ ፈረስ አመጣሁ። አዎ፣ ፈረስ። ከእንስሳት መርጃ ማኅበሩ፣ በማደጎ። ጋሪ ሲጎትት ኖሮ ሲያነክስ ጌታው መንገድ ዳር ጥሎት የሄደ። ዳማ። አጥንቱ ይቆጠራል። ትከሻው ላይ መዳፌን የሚያህል ቁስል። የሰጡኝ ለአንድ ወር ሙከራ ነው። ወሩ ሲያልቅ ሐኪማቸው መጥቶ ያያል፤ ወይ ያጸድቅልኛል ወይ ይወስደዋል። ጋሪ ላይ ከተጠመደ ግን በዚያው ቀን ይወሰዳል፤ ፈርሜያለሁ። ቅጹ "ፈረሱ ለምን አገልግሎት ይውላል?" ይላል። "ለአባቴ ጤና" ብዬ ሞላሁ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝ።

ውሸት አይደለም። እናቴ ስትሞት አባባን ከሰላሌ ካመጣኋቸው ሁለት ዓመት ሆነ። ከግቢው በር ወጥተው አያውቁም። ወሬ የለ፣ እህል የለ። መስከረም ላይ አንድ ቀን ብቻ ስሜን ጠርተው "ጥሩ፣ ፈረስ ብታመጪልኝ" አሉኝ። የሰው አባት ስኳር ይለምናል። የኔው ፈረስ! ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ስላልለመኑኝ እምቢ ማለት አቃተኝ።

ረቡዕ 7

ጠጣ! ትናንት ከሥራ ስመለስ አባባ ጋራዡ በር ላይ ቆመዋል (መኪና ኖሮን አያውቅም፤ ጋራዡን ጋጣ አድርጌዋለሁ)። አሮጌ የቦርሳ ማንገቻ አንገቱ ላይ አጠለቁለት። ትንሽ ቆዩ። አወለቁለት። እንጥፍጣፊ ሳያስቀር ባልዲውን ጨረሰው።

የጋሪ ፈረስ ውሃ የሚሰጠው ሲፈታ ነው አሉኝ። ካልተፈታ ሥራው አላለቀም፤ ሥራው ካላለቀ ውሃ የለም። ይኸው ዕድሜ ልኩን የተማረው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ደግሞ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ እንጃ።

ቅዳ. 10

የማኅበሩ ዶ/ር እግሩ እንዲፈታ በየቀኑ አንሸራሽሪው ብሎኛል። እሺ። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ድረስ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ዛሬ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ።

ሰው ባየ ቁጥር ይቆማል! መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሁሉ ተሳፋሪ ይመስለዋል። አጠገቡ ሄዶ ቀጥ ይላል፣ እስኪሳፈር ይጠብቃል። አውቶቡስ ጠባቂው፣ እንጨት ተሸክማ ያረፈች ሴት፣ አጥር ጥግ ሽንቱን የሚሸና ሰውዬ ሳይቀር። ሰውዬው ሱሪውን እየያዘ ሮጠ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሣር የምታመጣልኝ የገርጂዋ ጫልቱ ሸክሟን ጥላ በሳቅ ተንከተከተች።

መ/ቤትም ወሬው ደርሷል። ልጅ ትወልዳለች ስትባል ፈረስ በማደጎ አሳደገች ይላሉ፤ ሻይ ቤት ስገባ ጸጥ። ይበሉ። የወለዱትንም አይተናል።

ማክ. 13

ጉድ ሆንኩ። ሊሞትብኝ ነበር።

ጎረቤት ጠላ ጠምቀው ነበር። አባባ በአጥር ላይ አተላ ለምነው አንድ ሳፋ ሰጡት፤ አገር ቤት ከብት የሚደልበው በአተላ ነው ብለው፣ እንዲወፍር። ምሳ ሰዓት ወደ መ/ቤት ስልክ ተደወለልኝ። ስደርስ ፈረሱ መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ሆዱን ይነክሳል፣ ላቡ ይንጠፈጠፋል። ዶ/ሩ መጣ፤ በአፍንጫው ቱቦ አስገባ። ከዚያ እያቆምን ግቢውን ዙሪያ ማስኬድ። በየተራ፤ እኔ፣ ጫልቱ፣ እኔ፣ ጫልቱ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፋንድያ ጣለ። በፋንድያ እልል እላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ እልል አልኩ።

ዶ/ሩ ልጅ እግር ነው፤ ግን በሥራው አይለሳለስም። አንድ ስሕተት ተመዝግቧል፣ ሁለተኛ ካለ ይዤው እሄዳለሁ አለ። አባባ ላይ ጮህኩ። በአባቴ ላይ! ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። አሁን ስጽፈው እጄ ይቆረጥ ያሰኘኛል።

ሐሙስ 15

ታረቅን። እሳቸው ናቸው የታረቁኝ። ግቢው መሐል የእንጨት ዱካቸውን አስወጥተው ተቀመጡና ፈረስ አሳሳብ አስተማሩኝ። በግራው ቁሚ። ገመዱን አታሳጥሪ። ቀስ። አንገትሽን ቀና። ዱካው ጋ ስትደርሺ ቁሚ፣ ዙሪ፣ እንደገና። ፈረሱ መቼም የተቀመጠ ሰው ካየ ሳይነገረው ይቆማል። አባባ ጋማውን ዳሰስ ያደርጉና "ሂዱ" ይሉናል።

ራት ላይ ሙሉ እንጀራ በሉ። ሙሉ! ደብተሬ፣ እህል ሲያኝኩ ድምፁን ቁጭ ብዬ ሰማሁት።

እሑድ 18

የቀበሌ ስብሰባ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አግዳሚ ላይ። መጨረሻ ላይ ሊ/መንበሩ ጓድ ታፈሰ (ትናንት ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲያንከባልል የማውቀው) ስሜን ጠራ። አገር በድርቅ እየተቃጠለ በቀበሌያችን ሥራ ፈት ፈረስ ይቀለባል አለ። ቤቱ አጉረመረመ። የሚሠራው መዋዕለ ሕፃናት ድንጋይ በሰው ጀርባ ነው የሚመላለሰው። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ በሚመጣው እሑድ ለግንባታው ዘመቻ ጋሪ ላይ ይጠመድ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ?

ቁስሉ ገና ነው፣ ውል አለብኝ ብዬ ተናገርኩ። ከአብዮት የሚበልጥ ውል የለም አለኝ። ካልመጣ ጉዳዩ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ጽ/ቤት ያልፋል፣ የኅብረት ሱቅ ካርዴም ይታያል።

የሚያናድደኝ ደግሞ ግማሹ እውነት መሆኑ። ሰው እየተራበ ነው። እኔ ፉርሽካ ፍለጋ እስከ ሃያ ሁለት ሰፈር ስኳትን ነው የሰነበትኩት።

ማክ. 20

ዶ/ሩ ጋ ደወልኩ። ያዝንልኛል፤ መልሱ ግን ያው። ከተጠመደ ይወሰዳል። ባይወሰድም ቁስሉ ይከፈትና ያልቅለታል።

ብሰጥ ማኅበሩ ይወስድብኛል፣ ብከለክል ቀበሌው። አባባስ? ሰሞኑን ጺማቸውን መላጨት ጀምረዋል። ለጫልቱ ስለ ሰላሌ ፈረስ ጉግስ በኦሮምኛ ሲያወጉ ሰማኋቸው። ፈረሱ ከሄደ ወደዚያ ዝምታቸው ነው የሚመለሱት። ነገሩን ነገርኳቸው። እስከ እሑድ ገና ነው አሉና ወሬ ቀየሩ።

ሐሙስ 22

ራት ሳልሠራ ደብተሬን አወጣሁ።

ከሥራ መልስ እንደ ወትሮው እየሳብኩት ነው። ዝናብ ሊመጣ ስለሆነ ፈጠን አልኩ። አባባ ተቆጡ። "ቀስ በይ እንጂ! ሰዉ ይድረስብሽ!" የምን ሰው? ግቢው ውስጥ እኔና ፈረሱ ብቻ ነን። ዞሬ አየኋቸው። ዓይናቸውን ሰበሩ።

አፋጠጥኳቸው። ወጣ። ለቅሶ ነው ለካ! በአገራቸው ፈረሰኛ የነበረ ሰው ሲሞት ፈረሱ ግላስ የሚባለውን የጌጥ ልብስ ለብሶ ለቅሶው ፊት ይሳባል፤ አልቃሹ ከኋላ ይከተላል። የሚስበው ወንድ ልጅ ነው። ወንድ ልጅ የላቸውም። ስለዚህ እኔን ያሠለጥናሉ! ጺም መላጨቱ፣ እንጀራው፣ ዱካው ላይ ተቀምጦ ማየቱ፣ ሁሉም የገዛ ቀብራቸውን ልምምድ ማየት ነበር። እኔ ጅሏ ዳኑልኝ ብዬ ሻማ ልለኩስ ነበር።

ፈረሱን ያመጣሁት እንዲኖሩልኝ ነው አልኳቸው፣ እየጮህኩ። እሳቸው በቀስታ፣ ወገን አልባ ሰው መስዬ እንዳልሄድ ብዬ ነው አሉ። ገመዱን ጥዬ ገባሁ። ዝናቡ መጣ። ፈረሱ ከዱካው አጠገብ እንደቆመ ነበር።

ዓርብ 23

የአባባን ቁርስ በራቸው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ማንገቻውን አጥልቄ አውልቄ ውሃ ሰጠሁት። መ/ቤት አንድ ደብዳቤ በታይፕ ሦስት ጊዜ አበላሽቼ መታሁ።

እሑድ 25

ጧት ሊ/መንበሩን ለመለመን ቀሚሴን እየተኮስኩ ነው። አባባ የሉም። አልጋው ተነጥፏል። የውጭ በር ክፍት ነው። ሁለት ዓመት ያላለፉት በር!

ሩጫ። የግንባታው ቦታ ስደርስ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። አባባ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው ድንጋይ ተሸክመዋል። የሰባ ስምንት ዓመት ሰው! ሊ/መንበሩ ከኋላ ከኋላ ይከተላል፤ አባቴ ይተዉት፣ አባቴ ያሳርፉት ይላል። እሳቸው ፈረሱ ታሟል፣ የሱን ድርሻ እኔ ነኝ የምሠራው ይላሉ። ድንጋዩን ልቀበላቸው ስል በክርናቸው ገፉኝ። አራተኛው ምልልስ ላይ ጉልበታቸው ከዳቸው።

ያኔ ሽማግሌዎቹ ሊ/መንበሩ ላይ ወረዱበት። አንተ አባት የለህም ወይ? ፊቱ ቲማቲም መሰለ። የዘመቻውን የስም ዝርዝር አወጣ፤ "ፈረስ" ከሚለው ትይዩ "ተገኝቷል" ብሎ ሲጽፍ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ቀሪውን ድንጋይ እሱ ራሱ ተሸከመ።

እኔ ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለብኝ። አባባን ከጫልቱ ጋር ደግፈን አመጣን። ላባቸው ደርቆ ብርድ ይዟቸዋል።

ረቡዕ 28

ሳል። ትኩሳት። ጤና ጣቢያ መርፌ አዘዙ፤ ሳንባ ነው አሉ። ፈቃድ ጠይቄ ቤት ነኝ።

መስኮቱን ክፈቺልኝ አሉ። ፈረሱ ይታያቸዋል። ግቢ ውስጥ ያለ ገመድ ቆሞ የአጥሩን ሐረግ ይበላል። ብዙ አዩት። ከዚያ አስጠጉኝ። ለቅሶዬ ላይ እንዳታወጪው አሉ። አንድ እሑድ ድንጋይ ተሸከምኩ፣ ጀርባዬ ነገረኝ፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ ነው። ለሞተ ሽማግሌ ብሎ ደግሞ አይድከም። "ዕድሜ ልኩን ለአንድ ነገር ሲኖር ነው የኖረ፤ አሁን ለምንም፣ እንዲሁ ይኑር" አሉኝ።

እሺ አልኩ። ማይልኝ አሉ፤ ማልኩ።

ሐሙስ ኅዳር 6

አባባ እሑድ ጧት ዐረፉ። ሰኞ ቀበርናቸው።

መጻፍ አልቻልኩም ነበር። አሁን ድንኳኑ ሊነሳ ነው።

አጎቴ ከሰላሌ በአውቶቡስ መጣ፤ በማዳበሪያ ከረጢት ቀይ ግላስ ይዞ፣ የአባባን የጥንቱን። የወንድሜ ፈረስ ይውጣ አለ፤ ሰዉ ሁሉ ሰማ። አይወጣም አልኩ። አባባ አስምለውኛል ብል ማን ይመነኝ? ሴት ናት፣ ከተሜ ናት፣ ፈርታ ነው ተባለ። አጎቴ ግላሱን ደረቱ ላይ አቅፎ እያለቀሰ ወንድሜን እንደ ደሃ ሰደድሽው አለኝ። በሰው ፊት። የጋራዡን በር ቆልፌ ቁልፉን ጡቴ ሥር ከተትኩ። አስከሬኑ ሲወጣ ፈረሱ ከውስጥ አንድ ጊዜ ጮኸ። አልከፈትኩም።

ጓድ ታፈሰ ሣጥኑን ተሸክሞ እስከ መጨረሻው ሄደ። ዛሬ መጥቶ በጎንዮሽ፣ ወር በገባ በመጨረሻው እሑድ ዘመቻ እንዳለ ነገረኝ። አውቃለሁ፣ የፈረሱን ድርሻ እመጣለሁ አልኩት። በካርታ እንደተሸነፈ ሰው ባርኔጣውን አዙሮ አዙሮ ሄደ።

ከሰዓት ለቀስተኛው ሲሳሳ በሩን ከፈትኩ። በግራው ቆምኩ። ግላስ የለ፣ አልቃሽ የለ። አጠጥቼ ልመልሰው ብቻ ነበር። ግቢው መሐል ስንደርስ ቀጥ አለ። ዱካው እዚያው ነው፤ ማንም አላነሳውም። ጎኑን አስጠግቶ ቆመ፤ እንደሚጠብቅ። ልስበው አልኩ፤ አልሳብ አለ። እኔም ተውኩት። አብረን ቆምን። ብዙ ቆምን። አጎቴ ከድንኳኑ አፍ ሆኖ ያየን ነበር፤ መጥቶ ዱካውን ሊያነሳ ሲል ተወው አልኩት። ተወው። እሱም አጠገባችን ቆመ።

ከዚያ ማንገቻውን አጠለቅኩለት፣ አወለቅኩለት። ጠጣ።

ዶ/ሩ ስለ ለቅሶው ብሎ ቀኑን አራዝሞልኝ ነበር፤ ነገ በአራት ሰዓት ይመጣል። ቁስሉ ደርቋል፣ ኮቴው ደህና ነው። ቅጹን እንደ አዲስ መሙላት አለብኝ፤ "ለአባቴ ጤና" ከእንግዲህ አይሆንም። ያችው ጥያቄ አለች፦ ፈረሱ ለምን አገልግሎት ይውላል? እስካሁን ባዶ ነው። እኔ እንዳሰብኩት የተሞላ ቅጽ ማኅበሩ አይቀበልም ይለኝ ይሆናል። ቢቀበሉትም ባይቀበሉትም የራሳቸው ጉዳይ።

"ለምንም" ብዬ እጽፋለሁ።