ጎመኑ ሲመለስ

ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ
መጋቢት 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለልያ ዘርሁን
ሞስኮ

ልያዬ፣ የዓይኔ ብርሃን፣ በጌታ ፍቅር ሰላም ብዬሻለሁ። ብርዱ እንዴት አደረገሽ? የላክሁልሽን ሹራብ ከኮትሽ ሥር ልበሺው። ቀለሙ አያምርም ብለሽ ሻንጣ ውስጥ እንደከተትሽው አውቃለሁ።

ይህ ደብዳቤ በፖስታ ቤት አልመጣም። የባለሱቁ የሸኩር ልጅ አብዱልፈታሕ እዚያው ለትምህርት ስለተላከ፣ እናቱ ካልሲዎቹ መሃል ጠቅልላ ደብቃለታለች። ካልሲ ካልሲ ቢሸትሽ ታገሺው። በፖስታ የሚሄደውን ከአንቺ በፊት ሌላ ሰው ያነበዋል፤ እስከ ዛሬ ስለ አባትሽ ዝም ያልኩሽ ለዚህ ነው።

አባትሽ ታስሯል። የጸሎት ቤታችን ከታሸገ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ፣ እኛ ቤት ተሰብስበን ስንጸልይ ታጣቂዎች መጥተው ወሰዱት። እኔንም ሊወስዱኝ ሲሉ “እሷ ሻይ ልታፈላ የመጣች ናት” አላቸው፤ በገዛ ቤቴ! አይዞሽ፣ ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ አደርስለታለሁ። እሱን ማየት አይፈቀድም። በር ላይ ሳህኑን ይቀበሉኛል፣ ቆይተው ባዶውን ይመልሱልኛል። መጀመሪያ ባዶ ሳህን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር፤ በላ ማለት ነው። በኋላ ግን ባሏ አብሮ የታሰረባት የኔነሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ከእስረኞቹ አንዳንዶቹን ወዳልታወቀ ቦታ እንደወሰዷቸው፣ የእነሱም ሳህን እንደወትሮው ባዶውን እንደሚመለስ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ባሌ በላው ወይስ ዘበኛው እያልኩ መንገዱ ይጠፋብኝ ጀመር።

በዚህ መሃል ነው ለአባትሽ የጻፍሽው ደብዳቤ የደረሰው። “የምድርን ሆድ ማን ገብቶ አየው?” ብሎ ጠይቆሽ ነበር። ጆንያ ሳይፈታ በውስጠ ክፍት ብረት ወግቶ ፍሬ እያወጣ የቡናውን ዓይነት የሚያውቅ ሰው ስለሆነ፣ ምድርንም በምን ወጓት ማለቱ ነው። መልስሽን እኔ አነበብኩለት፤ ለባዶ ወንበሩ።

ማንም አልወጋትም ብለሻል። ዓመታት ሙሉ ወደ ታች ቢቆፍሩም ቅርፊቷን እንኳ አላለፉም። የሚያውቋት አዳምጠው ነው። አንድ አገር ምድር ሲንቀጠቀጥ ሁለት ዓይነት ንዝረት ይነሳል። አንዱ በድንጋዩም በፈሳሹም ያልፋል፤ ሌላው ግን ፈሳሽ ሲያገኝ ይቆማል። በወዲያኛው ጫፍ በመሣሪያ የሚጠብቁት ሰዎች የመጀመሪያው ሲደርሳቸው ሁለተኛው ሳይደርሳቸው ይቀራል። ከትኩሱ ዐለት በታች ብረት ቀልጦ እንዳለ ያወቁት በዚያ ነው፤ ከመሃሉ ደግሞ እንደገና ጠጣር ብረት አለ። “አባዬ፣ ያልደረሰውም ይናገራል” ብለሽ ጨረስሽ። ያቺን ቃል ይዤ ዋልኩ።

ዘርሁን ጎመን እንደማይበላ ታውቂያለሽ። ከተጋባን ጀምሮ በጎመን የምንጣላ ሰዎች ነን። ገበያ ወርጄ ጎመን ሻጯ ባህሪያ ዘንድ ስመርጥ ደነገጠች።

“ማሎ፣ እባክሽ ተስፋነሽ፣ ዘርሁን ከመቼ ወዲህ ነው ጎመን የሚበላው?”

“አይበላም። ለዚህ ነው የምልክለት።”

“ወላሂ፣ ጭንቀቱ ሊያሳብድሽ ነው!” አለችና አንድ እፍኝ ጨመረችልኝ።

በአንድ ወገን ቆጮ፣ በሌላው ጎመን አድርጌ ላክሁ። ቆጮውን ማንም ይበላዋል። እስረኞቹ ተካፍለው እንደሚበሉ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጎመን የምትልክ ሚስት ምን እየጠየቀችው እንደሆነ አይጠፋውም ብዬ ተማመንኩ። ሳህኑ ተመለሰ። ቆጮው የለም። ጎመኑ ግን፣ ልክ ቤት እንደሚያደርገው፣ ወደ ጠርዝ ተገፍቶ ተከምሯል።

እዚያው በሩ ላይ ሳቄ አመለጠኝ።

“ሴትዮ፣ ምን ያስቅሻል?” አለኝ ዘበኛው።

“ባሌ ጎመኔን አልበላም አለ።”

“ይሄ ደግሞ ያስቃል?”

“አንተ ገና አላገባህም መሰለኝ” አልኩት። አወቱ ድልድይ ላይ ስደርስ ግን አልቻልኩም፤ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ጎመን ይሄዳል፣ ጎመን ይመለሳል። ለእኔ በላክሽው ደብዳቤ “አባዬ ካልጻፈልኝ ለክረምት እመጣለሁ” ያልሽውን ተዪው። ናፍቆትሽ አንጀቴን ይበላዋል፤ ግን ከመጣሽ ተመልሰሽ እንድትሄጂ አይፈቅዱልሽም። እሱም የሚጽናናው አንቺ እየተማርሽ እንደሆነ በማሰብ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ስንቅ አንቀበልም ብለው ሁላችንንም ከነሳህናችን መለሱን። ለምን እንደሆነ አልነገሩንም። ያልደረሰውም ይናገራል ያልሽውን በዚህ ሳምንት ላስበው አልፈለግሁም።

አብዱልፈታሕ ጎህ ሲቀድ በአውቶቡስ ስለሚነሳ ነገ ቅዳሜ የሚሆነውን ልጽፍልሽ አልችልም። የአባትሽ አምላክ በሰው አገር ከለላ ይሁንሽ፣ እጅሽ የያዘው ሁሉ ይቃናልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጎመኑን ቀቅዬ አስቀምጬዋለሁ።

እናትሽ ተስፋነሽ