በበዓለ ሃምሳ የጾምኩት ጾም

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ
ቢሯችን መብራት ጠፍቶ ዋለ። የብድር ቅጽ በእጄ ስሞላ ጣቴ ዛለ። ፈጠነች የምትባል ሸክላ ሠሪ ከአረካ መንገድ መጣች። የቆርቆሮ መጠለያ መሥራት ትፈልጋለች። በየክረምቱ ግማሹን ድስት ሳይደርቅ ዝናብ ያበላሽባታል። ለመበደር ግን አምስት ሆኖ መደራጀት ግዴታ ነው... የዓመለወርቅ ቡድን አንድ ሰው ጎድሎታል። እሷን አስገባለሁ፣ አለቀ።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ
አላለቀም። አራቱም እምቢ አሉ። መጀመሪያ "ቤቷ ሩቅ ነው" ነበር። ኋላ ዓመለወርቅ እውነቱን አወጣችው።
"መሲዬ፣ እኛ ከስብሰባ በኋላ በየተራ ቤታችን እንበላለን። እሷ ቤት እንዴት ይበላል? ሸክላ ሠሪ እኮ ናት!"
ይቺው ዓመለወርቅ ምግብ ቤት አላት። ወጧ የሚንተከተከው በማን ድስት ነው? በፈጠነች! ድስቷ ንጹሕ፣ እጇ ርኩስ? አስጠሉኝ። ምሳ እንኳ አልወርድ አለኝ።

ግንቦት 8፣ ዓርብ
ልነግራት ቤቷ ሄድኩ። አፌን ሳልከፍት ገባት።
"እምቢ አሉ አይደል? ተይው፣ ለምደነዋል።"
ከዚያ የተቀቀለ ጎደሬ፣ እነሱ ቦይና የሚሉትን፣ ከነዳጣው አቀረበች። "ቦይና ብዪ እህቴ።"
እጄ... አልሄደም። ለምን? ልጅ ሆኜ እናቴ... ተይ፣ በእናቴ አላሳብብም። "ጾም ላይ ነኝ" አልኳት። በበዓለ ሃምሳ! ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት! አንገቷ ላይ ማተብ፣ ግድግዳዋ ላይ የማርያም ሥዕል። ማንን ነው የምዋሸው?
"እሺ እህቴ" አለችና በኮባ ቅጠል ከደነችው።
ዓመለወርቅስ አፍ አውጥታ ተናገረች። እኔ? ቱ!

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ
ፈጠነች ራሷ አራት ሸክላ ሠሪዎች ይዛ ቢሮ መጣች። ኃላፊያችን አቶ አማረ ወደ ጎን ወሰደኝ። "እነዚህ ይመልሳሉ ብለሽ ነው?" የእነዓመለወርቅን ጊዜ እንዲህ ብሎ ጠይቆ ያውቃል? ተጨቃጨቅኩት። ፈረመ። ጥሩ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ
ቆርቆሮው ዝናቡን ቀደመው። የመጀመሪያው ስብሰባ ፈጠነች ቤት ሆነ። አሁን የሐዋርያት ጾም ገብቷል፣ ጎደሬ ደግሞ የጾም ነው። ዛሬስ እበላለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። የሸክላው ሳህን ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ እጄን ዘረጋሁ።
"እሷን እለፏት" አለች ፈጠነች፣ ሳትቆጣ። "መሲ ጾመኛ ናት።"
አለፉኝ።