ለሳንባ ስለተጠየቀው ስቴፕለር

ለተከበራችሁ የሆስፒታሉ ግዢ ኮሚቴ ሰብሳቢና አባላት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንዴት ነው እያልኩ፣ ደረጃ ላይ የማያስቆም፣ ወሬ መሃል የማያቋርጥ ሙሉ ትንፋሽ እመኝላችኋለሁ። እኔ አራተኛ ፎቅ የተኛችው የአንደኛ ክፍል መምህር ታናሽ ወንድም ነኝ። እትዬ ነው የምላት፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቀኝ ሳንባዋ ላይ ካንሰር ተገኝቶ፣ ሐኪሟ ገና ከቦታው ስላልተንቀሳቀሰ በቀዶ ሕክምናው ሮቦት ቶሎ ከወጣ ትድናለች ካሉን ጀምሮ ተራ እየጠበቅን ነው። እስከዚያው ስለ ትጋታችሁ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

1. ሮቦቱን ስላስመጣችሁልን እግዜር ይስጥልን። በምረቃው ዕለት ሪባን ተቆርጧል፤ በዚያ ክፍል እስካሁን የተቆረጠው እሱ ብቻ ነው። ማሽኑ አቧራ እንዳይነካው ሸራ ለብሶ ተቀምጧል።

2. ሳንባ ሲቆረጥ ደም እንዳይፈስና አየር እንዳያመልጥ የሚሰፋው መሣሪያ ስቴፕለር ይባላል። አንዱ ዓይነት ሮቦቱ ክንድ ላይ ይገጠማል፤ ሌላውን ረዳቱ ሐኪም በእጁ ይይዘዋል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ሐኪሟ በሁለቱም መሥራት እችላለሁ፣ ብቻ አንዱን ግዙልኝ ብለው ጽፈውላችኋል። እናንተ ግን የሕዝብ ገንዘብ እንዳይባክን ተጨንቃችሁ ይኸው እስከ ዛሬ ታወዳድራላችሁ። ሕዝቡም አልጋው ላይ ሆኖ ውጤቱን በጉጉት ይጠባበቃል።

3. ውድድሩ እንዲሟላ ሦስተኛውን ፕሮፎርማ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ማምጣታችሁ ግን ከሁሉም በላይ አስደንቆኛል። ስሙ ስቴፕለር ነው፤ የእነሱም ስቴፕለር ነው፤ በዋጋም የሚደርስበት አልተገኘም። ያሸነፈው ዕቃ ቀዶ ሕክምና ክፍል ደርሶ ካርቶኑ ሲከፈት ወረቀት ማያያዣ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ እንደያዙት ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፤ የሚስቁ መስሎኝ አብሬ ልስቅ ስል እያለቀሱ ነበር። ቢሮአችሁ መጥቼ ስጠይቅ ጸሐፊያችሁ በትህትና አስቀምጠውኝ፣ ስህተቱ እንዳይደገም ጨረታው እንደ አዲስ ይወጣል አሉኝ።

4. እትዬ ለልጆቹ ሀ ሁ የምትለው በአንድ ትንፋሽ ነበር። አሁን ሀ ብላ ሁ ላይ ታርፋለች። ይህንን በማወዳደሪያ ሠንጠረዡ የትኛው ዓምድ ላይ እንደምታሰፍሩት አላውቅም። ጨንቆኝ ነው የጻፍኩት።

የተከበራችሁ ሆይ፣ መምረጡ ካስቸገራችሁ ዕጣ ጣሉበት። የወጣውን ግዙ። ስላቁ ካስቀየማችሁ እግራችሁ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እግራችሁ ላይ መውደቅ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤውን ባልጻፍኩ።

ደጃችሁ ከመመላለሱ ብዛት ጥበቃው “ፕሮፎርማ” እያለ የሚጠራው፣ ጊዜያችሁን በማባከኑ የሚያፍር፣ የእሷም ጊዜ መባከኑን በአክብሮት የሚያስታውሳችሁ፣

የመምህሯ ወንድም

ከፊርማው በኋላ የታወሰኝ፤ ካንሰሩ ወደ ሌላ ቦታ ካለፈ ቀዶ ሕክምናው እንደሚቀር ሐኪሟ ነግረውኛል። ያኔ ስቴፕለርም አያስፈልግም፤ ከዚያ የሚረክስ ፕሮፎርማ ደግሞ ከየትም አይመጣም። ኮሚቴው የሚጠብቀው ይህንኑ ከሆነ እባካችሁ መጥታችሁ ለራሷ ንገሯት። እኔ በየጠዋቱ “ተራሽ ደርሷል” እያልኩ መዋሸት አቅቶኛል።